ጆሮን አልፎ የሄደ እጅ

በእንጅባራ አካባቢ በማስተምርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የልጆች ዕድሜ የሚለካው በእጅ ነበር። መስከረም ሲጠባ ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡት ወላጆች የልደት የምስክር ወረቀት አልነበራቸውምና፣ እኛ መምህራን ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን እንዲነካ እናዘዋለን። ከነካ 7 ዓመት ሞልቶታል ይባላል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። በ2004 ዓ.ም. አንዲት መለሎ ልጅ እጇ ጆሮዋን አልፎ አንገቷ ላይ ሲደርስ ባየሁ ጊዜ፣ ሳላመነታ 8 ዓመት ብዬ ጻፍሁ። እናቷን አልጠየቅኋቸውም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ዝናቡም ገና አላባራም።

ያ ቁጥር ከሰባት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣብኝ።

በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ነቀርሳን ወይም ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በመላ አገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ክትባቱ በዓለም ገበያ እጥረት ስለ ነበረበት፣ እንዲከተቡ የተመደቡት 14 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። 13 ዓመት የሆናት ትጠብቃለች፤ 15 የሞላት አልፏታል። ታዲያ የልጅቷን ዕድሜ የሚናገረው ማን ነው ቢባል፣ መልሱ የእኛው መዝገብ ነበር።

ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የማኅፀን በር ነቀርሳ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ የያዘ ነው። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን እንደ ገደለ ይገመታል። መንሥኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ይህን ቫይረስ ከነቀርሳው ጋር ያገናኘው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የቫይረሱ ዓይነቶች ከ200 በላይ ቢሆኑም፣ 16ኛውና 18ኛው ብቻቸውን ከመቶ ሰባ ያህሉን የማኅፀን በር ነቀርሳ ያስከትላሉ። አስከፊነቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ነቀርሳው እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 20 ዓመት ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሴቲቱ ታርሳለች፣ ትወልዳለች፣ ገበያ ትወጣለች፤ አንዳች ሕመም አይሰማትም። ክትባቱ ደግሞ ከገባ ቫይረስ አያድንም፤ የሚጠቅመው ቀድሞ ሲገኝ ነው። ለልጃገረዶች በጧቱ መሰጠቱም ስለዚህ ነው።

ባለሙያዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገሩን በአዊኛም በአማርኛም አስረዳች። ሆኖም «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ቀድሞን ገብቶ ነበር። እኔም የማውቀውን ተናገርሁ። በክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ ያለው የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው። ሰውነት ያንን አይቶ ጠላቱን ይለያል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከአፍሪካ ደግሞ ርዋንዳ በ2011 ጀምረውታል፤ የተከተቡት ልጃገረዶችም አድገው እናቶች ሆነዋል። ከንግግሬ ይልቅ የሠራው ግን አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ማሳየታቸው ነው። በ1960ዎቹ የፈንጣጣ መከላከያ የተከተቡበት ምልክት ነበር። «ያኔም ብዙ ተወርቶ ነበር። እነሆ ዘጠኝ ወለድሁ» ብለው ተቀመጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሜዳው ውርጭ በለበሰበት አንድ ጧት፣ ባለሙያዎቹ ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዘው መጡ። ከመዝገቡ እያየሁ የ14 ዓመቶቹን ስም ጠራሁ። ያቺ መለሎ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። መዝገቡ 15 ይላታልና አልጠራኋትም። እርሷም ምንም አላለችም፤ ጓደኞቿ ክንዳቸውን እያሻሹ ሲወጡ በመስኮት ትመለከት ነበር።

በማግሥቱ እናቷ መጡ።

«መምህር፣ ልጄን ለምን ተዋችኋት?» አሉ።

«ዕድሜዋ አልፏል፤ 15 ሆኗታል» አልኋቸው።

«ማን ወልዶ ማን ሊቈጥር! እኔ የወለድኋት በዘመነ ማቴዎስ፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። የፈረሱን ዕድሜ ጥርሱን አይተን እናውቃለን፤ የሰው ልጅ ግን በጆሮ ይለካል ሲባል እናንተ ዘንድ ሰማሁ።»

ፈረስ አዋቂ በሆነው በአዊ ምድር ይህን መሰል ንግግር መልስ የለውም። ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁ። ተማሪው እንደሚያውቀው፣ የወንጌላዊውን ስም ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ይሆናል። 1997 ላይ 5500 ሲደመር 7497፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ማቴዎስ! ከእርሱ በፊት ያለው ዘመነ ማቴዎስ 1993፣ ከእርሱ በኋላ ያለው 2001 ነው፤ ልጅቷ ደግሞ የ18ም የ10ም ዓመት ልጅ እንዳልሆነች ማንም ያያታል። ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ 14 ዓመት ከሞላት ገና ሳምንታት ቢሆኗት ነው። አንድ ዓመት ያህል ጨምሬባት ኖሬአለሁ።

ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ ጻፍሁ፤ እናትና ልጅ በዚያው ቀን በእግራቸው ሄደው ክትባቱን አገኘች። ያን ጊዜ ክትባቱ ቢያንስ በ6 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነበርና፣ የሁለተኛው ቀጠሮ የተጻፈበትን ካርድ አምጥታ አሳየችኝ። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። እናቷ ባይመጡስ ኖሮ?

የ2004ቱን መዝገብ እንደ ገና ገለጥሁ። እጃቸው ጆሯቸውን ስላለፈ 8 ብዬ የጻፍኋቸው ሌሎች አምስት ልጃገረዶች ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ እየጠየቅሁ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የሁለቱ ወላጆች የመዝገቡን ዕድሜ አጸኑ። የአንዷ እናት ዘመኑንም ዕለቱንም ነገሩኝና ልጅቷ 14 ሆና ተገኘች፤ እርሷም ተከተበች። አራተኛዋ ትምህርቷን አቋርጣ ተድራለች አሉኝ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነገር ነው። የአምስተኛይቱ ቤተሰብ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ክትባቱም በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጃገረዶች ሰፍቷል። የሰፋው ግን ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይደለም። እነዚያ ሁለቱ ያን ጊዜ 20 ዓመት አካባቢ ሆነዋል። ዕድሜያቸው 30 ሲደርስ በጤና ተቋም የማኅፀን በር ምርመራ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በአሴቲክ አሲድ ቀብታ ታያለች፤ የነጣ ቦታ ካለ ነቀርሳ ሳይሆን በፊት ይታከማል። ይህን የሚነግራቸው ሰው አግኝተው እንደ ሆነ ግን አላውቅም። በመዝገቡ ውስጥ በስማቸው ትይዩ ያለው 8 ቁጥር በእኔ እጅ እንደ ተጻፈ አለ።