ማማተብ፣ መስገድ፣ እጅ ማጣመር

ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት የጉለሌ ሜዳዎች ቅዳሜ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ ልጆች መስመሩን ከማለፋቸው በፊት ጎንበስ ብለው አፈሩን ይነኩና ያማትባሉ። አጠገባቸው ያለው ልጅ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ በልቡ ይጸልያል። ዳኛው ፊሽካውን ይዞ ሁሉም እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ያስተማራቸው አሠልጣኝ የለም፤ የከለከላቸውም የለም።

*

የጨዋታው ሕግ ቁጥር 4 መለያ ላይ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊም ሆነ ግላዊ መልእክት እንዳይጻፍ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ሲረታ ካካ የኢየሱስ መሆኑን የሚናገር ካናቴራ ለብሶ ተንበርክኮ ነበር። ዛሬ ከመለያ ሥር የሚለበሰው ካናቴራም በሕጉ ተይዟል። መንበርከኩን፣ ማማተቡን፣ መስገዱን ግን ሕጉ አልነካውም። በዚህ እስማማለሁ። ጸሎት በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው፤ ጎል ያገባ ሰው ምስጋናውን ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይዞ እንዲገባ ማስገደድ ግፍ ይሆናል።

*

ከስድስት ኪሎ አለፍ ብሎ ጃንሜዳ አለ። በከተራ ታቦታት የሚያድሩበት፣ በሌላው ቀን ኳስ የሚንከባለልበት፣ አገር አቋራጭ የሚሮጥበት ያው አንድ ሜዳ ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን። ታቦት አጅቦ እልል ያለ ሕዝብ በዚያው ሳምንት ስታዲየም ገብቶ እልል አለ። «ሃይማኖትና ኳስ አይገናኙ» የሚል ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ በየት በኩል አድርጎ እንደሚለያቸው አይታየኝም።

*

ትልቁ ክለባችን የሚጠራው በሰማዕት ስም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት፣ በአራዳ ልጆች ተመሠረተ። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ኳሱን የነጭና የአገሬው ብሎ ለየ፤ ክለቡንም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው። ወራሪው የስሙን ጉልበት አውቆታል ማለት ነው። ከነፃነት በኋላ ስሙ ተመለሰ።

የማደንቀው ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው። የክለቡን መለያ ለብሰው ደጋፊውን ካስጨፈሩት አጥቂዎች አንዱ ሙስሊሙ ሳላዲን ሰይድ ነው። በስታዲየሙ ካታንጋም ሆነ ሚስማር ተራ የተቀመጠው ደጋፊ ስሙን ሲጠራ የቅዱሱና የተጫዋቹ ስም ባንድ ትንፋሽ ይወጣ ነበር። ማንም እንደ ተአምር አልቆጠረውም።

*

«ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ይድነቃቸው ተሰማን አስባለሁ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የጊዮርጊስ አጥቂ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት። ኮንፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ አመጣለሁ አለች፤ ደባልቆ ማምጣት አይሆንም አለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዋንጫ ቀረች። ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያንን ሽንፈት እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ።

ፊፋ ግን ለዓመታት አመነታ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደቡብ አፍሪካን አገደ፣ በ1963 እገዳውን አነሣ፣ በ1964 መልሶ አገደ። የፊፋው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ራውስ ስፖርት ከፖለቲካ ይራቅ ባይ ነበሩ፤ እርሳቸው ፖለቲካ ያሉትን እነይድነቃቸው የሰው ክብር ይሉታል። አፍሪካ በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አልሳተፍም አለች፤ አንዱ ምክንያት ለአህጉሩ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ መነፈጉ፣ ሌላውም ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ መመለሷ ነበር። በ1974 ራውስ በምርጫ ወደቁ፣ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ጨርሳ ተባረረች። ዛሬ ፊፋ ዘረኝነትን ተቃወሙ እያለ በየስታዲየሙ ሰሌዳ ሲሰቅል፣ ያንን ያስተማሩት ሰዎች በጊዜው «ፖለቲከኞች» ተብለው እንደነበር የሚያስታውስ ስንት ነው?

*

በዲኤስቲቪ ቤቶቻችን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የእንግሊዝ ተጫዋቾች በአንድ ጉልበታቸው ሲንበረከኩ አየን። ፊፋም አስቀድሞ ለአወዳዳሪዎች «አስተዋይነት ይኑራችሁ» ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ግን የግብፁ አቡትሪካ በአፍሪካ ዋንጫ ሱዳን ላይ ጎል አግብቶ ለጋዛ እዘኑ የሚል ካናቴራ ሲያሳይ ቢጫ ካርድ ተመዞበታል። ሕጉ ከማን ሐዘን ላይ ማስተዋል እንደሚጀምር የተጻፈ ነገር የለም። በየካቲት 2024 የኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ተጫዋቾች ብሔራዊ መዝሙራቸው ሲዘመር በአንድ እጃቸው አፋቸውን ይዘው፣ የሌላውን ጣት እንደ ሽጉጥ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ደገኑ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በምሥራቅ ኮንጎ የሚያልቀውን ሕዝብ ግን ዓለም በዚያ ምሽት አየው።

*

ወደ እኛ ሜዳ ልመለስ። በ1954 ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወረራው ካበቃ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ግን የወልድያና የመቀሌ ክለቦች ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ወልድያ ላይ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ ይገናኙ ጀመር። በ2013 የትግራይ ጦርነት የክልሉን ክለቦች ከሊጉ አስወጣ፤ የተመለሱት በ2017 ነው።

አንድ ተጫዋች ስለ ተበደለ ወገኑ ሲጮኽና ሺህ ሰው አንዱን ተጫዋች በትውልዱ ሲሰድብ ሁለቱም ብዙ ጊዜ «ፖለቲካ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የመጀመሪያው ዋጋውን ራሱ ይከፍላል። ሁለተኛው በሕዝብ መሀል ተሸሽጎ ሌላውን ያስከፍላል።

*

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። የኦሮሞ ወጣቶች በየአደባባዩ በተቃውሞ የሚያሳዩት ምልክት ነበር። ፈይሳ እስከ ጥቅምት 2011 ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ከሪዮው ማራቶን ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024፣ የፊፋ ጉባኤ ባንኮክ ላይ ተሰብስቦ ዘረኛ ስድብ የደረሰበት ተጫዋች ለዳኛው የሚያሳውቅበትን ምልክት ይፋ አደረገ፦ ሁለት እጅን አንጓ ላይ አጣምሮ ማሳየት። ዳኛው ምልክቱን ሲያይ ጨዋታውን ያቆማል፤ ስድቡ ከቀጠለ ተጫዋቾቹን ያስወጣል፤ አሁንም ካልቆመ ጨዋታውን ያቋርጣል። የእኛ ሊግ ተጫዋች በብሔሩ ሲሰደብ እጁን ቢያጣምር ዳኛችን ፊሽካውን ይነፋል ወይስ «ተጫወት» ይለዋል? ፌዴሬሽኑ የሚቀጥለው የውድድር ዘመን ከመከፈቱ በፊት ለዳኞቹ በጽሑፍ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።