ለማረሻው ግማሽ ቀን እንስጠው

«ጅግጅጋ ደረቅ አገር ነው፤ እዚህ ብረት አይዝግም።» ይህን ንግግር ከትራክተር ባለቤቶች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። ከከተማው ወጥተን ወደ አውበሬ ወይም ወደ ቀብሪበያህ ስንጓዝ የምናየው ግን ሌላ ነው። ትራክተሩ ግቢ ገብቶ፣ ሸራ ለብሶ ያድራል። የዲስክ ማረሻው፣ መከስከሻውና ተጎታቹ ግን የዓመቱ ጭቃ እንደደረቀባቸው ሜዳ ላይ ይከርማሉ። በዚህ ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ የተነሳሁት፣ በየዓመቱ ብዙ ሀብት ዝም ብለን እያጣን ስለሆነ ነው።

«ደረቅ አገር» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የጅግጅጋ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። በበጋ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ውጭ ያደረ ብረት ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ለቅቆ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ አየሩ የያዘው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይተኛበታል። ዝገት ደግሞ የግድ ዝናብ አይጠብቅም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ካለፈ፣ ያልተቀባ ብረት ላይ ሥራውን ያፋጥናል። ፀሐይ ወጥታ ጤዛውን ብታደርቀውም ማታ ተመልሶ ይመጣል።

ከጤዛው የሚብሰው አፈሩ ነው። የአካባቢያችን ዋልካ መሬት እርጥብ ሲሆን እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ዲስኩ ላይ ከደረቀ በኋላም እርጥበት እየሳበ ይይዛል። ጭቃው ከተላቀቀ በኋላ ከሥሩ የሚታየው ቡናማ ጉድጓድ የዚህ ውጤት ነው። ሦስተኛው ጠላት ማዳበሪያ ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ እርጥበት ከአየር ይስባሉ፤ ብረትንም ይበላሉ። ማዳበሪያ መበተኛ ወይም መዝሪያ ሳይጸዳ ከከረመ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው።

አንዳንዱ «ቢዝግስ ምን አለበት፣ ሲያርስ አፈሩ ራሱ ይሞርደዋል» ይላል። ላዩ ላይ ያለውን ቀላል ዝገት በእርግጥ ይሞርደዋል። ጉድጓድ ያበጀውን ግን አይመልሰውም። ዲስክ በደንብ የሚሠራው ፊቱ ለስልሶ አፈሩ ሲንሸራተትለት ነው። ፊቱ ከሻከረ ዋልካው ይለጠፍበታል፣ ትራክተሩ ይከብደዋል፣ ናፍታውም ይጨምራል። ዝገት ደግሞ ከተበላው ብረት ይበልጥ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ብሎኑንና ዳዶውን ያጣብቃል፤ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሳል። ኩሽኔታ ውስጥ ውሃ ከገባ ደግሞ ብልሽቱ የሚታወቀው እርሻ መሀል ነው፤ ዝናቡ ደርሶ፣ ተረኛው ገበሬ ቆሞ እየጠበቀ።

የመለዋወጫውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100 ብርን አልፏል። ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ፣ ሁሉም በዚያ ይመነዘራል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት ዝገትና መሰል የብረት መበላት በዓመት 2.5 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያስከፍል ገምቷል፤ የዓለም ጠቅላላ ምርት 3.4 በመቶ ማለት ነው። ያው ጥናት ከዚህ ኪሳራ ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆነውን አሁን ባለው ዕውቀት ብቻ ማዳን እንደሚቻል ይናገራል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በካራን፣ ማለትም በክረምቱ ዝናብ፣ ስንዴው ከተዘራ በኋላ እስከ ጉ፣ ማለትም እስከ በልጉ እርሻ ድረስ ማረሻው ለወራት ሥራ ይፈታል። ሥራ የሚፈታው ደግሞ ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። ስለዚህ እንክብካቤው የሚሠራው ለቀጣዩ እርሻ ዝግጅት ሲጀመር ሳይሆን የመጨረሻው ማሳ ታርሶ ባለቀ ማግስት ነው። ጠቅላላው ሥራ ለሁለት ሰው ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ውሃ በቦቴ በሚገዛበት፣ በቢርካ የተጠራቀመው ለሰውና ለከብት በሚቆጠብበት አገር «ማረሻችሁን እጠቡ» ብዬ አልመክርም። ጭቃው ሳይደርቅ በእንጨት ይፋቅ፤ የቀረው በሽቦ ብሩሽ ይነሳ። ኮምፕሬሰር ያለው ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ በአየር ማስነፋት ይቻላል። ውሃ የግድ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ የነካው ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ፍጹም ይድረቅ።

ከዚያ አፈር የሚነካው ፊት ሁሉ ግራሶ ይቀባ። ግራሶው ቢጠጥር ትንሽ ናፍታ ጨምሮ በብሩሽ መቀባት ይቻላል። ናፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። የተቃጠለ ዘይት የሚቀባ ብዙ ሰው አለ። ከባዶ ብረት ይሻላል፤ ሆኖም አሲድና ቆሻሻ አለበት፣ ለቆዳም ለአፈርም ጎጂ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ግራሶ ብንለምድ ደግ ነው። ቀለሙ የተላጠው ክፈፍ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ከተቀባ በኋላ ቀለም ይደረብበት። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስቆመውም።

ኩሽኔታው አሮጌው ግራሶ ከነውሃው እስኪወጣ ድረስ በፖምፕ ይሞላ። የሃይድሮሊክ ጃኩ ዘንግ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የቀረው ዘንግ ዝጎ ጉድጓድ ካወጣ ጎሚኒውን እየቀደደ ዘይት ያፈስሳል። ከትራክተሩ ኃይል የሚቀበለው ሻፍት ተፈትቶ ከጣራ በታች ይቀመጥ፤ እርስ በርሱ የሚገባበት ቱቦም ግራሶ አይጉደልበት።

አቀማመጡ የመጨረሻው ነገር ነው። ማረሻው በድንጋይ ወይም በጣውላ ከመሬት ከፍ ይበል። ሸራ ካለበሳችሁት እስከ መሬት አትጠቅልሉት፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ሸራው ውስጥ ታፍኖ ሌሊቱን ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ ይሸፈን፣ ከጎን ነፋስ ይግባው። አራት ቋሚና ጥቂት ቆርቆሮ ከማንኛውም ሸራ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ከባድ ዕውቀት አይደለም። ችግሩ ባለቤት ማጣቱ ነው። በእኛ አካባቢ ትራክተር በኪራይ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ባለንብረቱ ከተማ ነው፤ ሾፌሩ የሚከፈለው ላረሰበት ነው፤ ገበሬው የሰው ዕቃ አይነካም። በሦስቱ መካከል ማረሻው ሜዳ ላይ ይቀራል። በደጋ በበሬ የሚያርስ ገበሬ ሲመሽ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ቤቱ ያስገባል፤ ሸክሙ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

እናም የምለምናችሁ ይህን ነው። ትራክተር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የማጽዳቱንና የመቀባቱን ሥራ ከሾፌራችሁ ጋር በምትዋዋሉት ውል ውስጥ ጻፉት፤ የዚያን ግማሽ ቀን ደመወዝም እንደ እርሻ ቀን ክፈሉት። በማኅበር ለተደራጃችሁ ወጣቶች፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው በስሙ ኃላፊ ይሁን። ሾፌሮችም ሥራው ሲያልቅ ይህን ሳትሠሩ አትለዩ። ጥቂት ግራሶ ከአዲስ ዲስክ ይረክሳል።