ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ኮምፒውተሩ ይበራል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ግን አልገባም ይላል። አንዳንዱ "ፓስወርዱ ትክክል አይደለም" እያለ ይመልሳችኋል፤ አንዳንዱ ተቀብሎ ትንሽ ይዞርና እዚያው ገጽ ላይ መልሶ ያስቀምጣችኋል፤ ሌላው ሊገባ ሲል ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ብታጠፉት ብታበሩት ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጥገና ቤት ትወስዱታላችሁ፤ ባለሙያው አየት ያደርግና "ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ" ይላል። እናንተም ሥራ ቆሞባችኋልና "እሺ" ትላላችሁ።

ይህን የምጽፈው ያቺ "እሺ" ስንት ሰው እንዳስለቀሰች ስለማውቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሂሳብ፣ በሕይወት የሌለ አባት ፎቶ። ማሽኑ ታድሶ ከጥገና ቤት ይወጣል፤ እነዚህ ግን አይመለሱም። የሚያሳዝነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጥፋት ያልነበረባቸው መሆኑ ነው።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ኮምፒውተሩ መግቢያው ገጽ ድረስ ከመጣ ኃይል አግኝቷል፣ ሜሞሪው ሠርቷል፣ ዲስኩ ተነቧል፣ የዊንዶውስ ዋናው ክፍል ተነሥቷል ማለት ነው። የቀረው እናንተን ለይቶ የግል ቦታችሁን መክፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ የተደበቀበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ፋይላችሁም በብዙ አጋጣሚ ከነሙሉ ጤንነቱ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄም አንድ ነው፦ የሚያስቸግረው ፓስወርዱን ከመቀበሉ በፊት ነው ወይስ ከተቀበለ በኋላ?

ከመቀበሉ በፊት ከሆነ መጀመሪያ ኪቦርዱን ጠርጥሩ። ፓስወርዱን ስትጽፉ ጫፉ ላይ የምትመጣውን የዓይን ምልክት ተጫኑና የጻፋችሁትን አንብቡት። ካፕስ ሎክ በርቶ ይሆናል። በአንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ነም ሎክ ሲበራ የተወሰኑ የፊደል ቁልፎች ቁጥር መጻፍ ይጀምራሉ። ከገጹ ግርጌ በቀኝ በኩል ያለውን የቋንቋ ምልክትም አትለፉት። ዘመድ ከውጭ በላከው ላፕቶፕ ላይ ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል፦ በጀርመኑ ኪቦርድ ዜድ እና ዋይ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በፈረንሳዩ ኤ እና ኪው፤ በእንግሊዙ ደግሞ ኢሜይል ላይ የምንጠቀምበት የአት ምልክትና ትምህርተ ጥቅስ። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ማሽኑ የሚጽፈው ሌላ ይሆናል። የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ፓስወርድ በስልክ ቀይራችሁ ከሆነም ኢንተርኔት ያላገኘው ኮምፒውተር የሚያውቀው አሮጌውን ነው። አሮጌውን ሞክሩለት።

ፓስወርዱን ተቀብሎ የሚመልሳችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ የግል ማስተካከያ የሚያኖርበት፣ ኤንቲዩዘር ዶት ዳት የሚባል ፋይል አለ። ስትገቡ ያነበዋል፣ ስትሠሩም ይጽፍበታል። እየጻፈበት ሳለ ኃይል ድንገት ከተቋረጠ ፋይሉ ሊጎዳ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቀጥታ ከሶኬት ተሰክቶ ዓመታት ያገለግላል፤ መብራት እልም ሲል እሱም አብሮ እልም ይላል። በሚቀጥለው ቀን ሲከፈት አልገባም ቢል ሊያስገርመን አይገባም። የተጎዳው ያ ፋይል ብቻ ከሆነ የጻፋችሁት ዶክመንት አልተነካም።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጽሑፏን ልታስረክብ ጥቂት ሲቀራት ላፕቶፗን ይዛ መጣችልኝ። ማሽኑ አልገባም ሲል ከርሞ በመጨረሻ አስገብቷታል፤ ግን ዴስክቶፑ ባዶ ነው፣ የጀርባው ፎቶ እንኳ ተቀይሯል። ሁሉም እንደጠፋ ቆጥራው ነበር። ዊንዶውስ የእሷን ቦታ መክፈት ስላቃተው በጊዜያዊ ቦታ ነበር ያስገባት። ሲ ድራይቭን ከፈትን፣ ዩዘርስ የሚለው ውስጥ ገባን፣ በስሟ የተቀመጠውን ፎልደር ነካነው። ዴስክቶፕ፤ ከሥሩ "ቴሲስ"፤ ከሥሩ ምዕራፎቹ በቅደም ተከተል። የመጨረሻውን ከፍታ እስከ ታች ስታነብ ዝም ብዬ ጠበቅኋት። ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጠን አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ከፈትንላት፤ በቃ። እንዲህ ያለ ባዶ ዴስክቶፕ ከገጠማችሁ እዚያ ላይ ምንም አታስቀምጡ፤ ስትወጡ ይሰረዛል።

በተለመደው መንገድ አልገባም ካለ ሴፍ ሞድ አለ። መግቢያው ገጽ ላይ የማጥፊያውን ምልክት ነክታችሁ፣ ሺፍትን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ሪስታርት በሉት። ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፤ ሪስታርት ካደረገ በኋላ 4 ቁጥር። በዚህ መንገድ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሣል። በዚህ ከገባ ጥፋተኛው ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው፦ የስክሪን ድራይቨር፣ አንቲቫይረስ፣ ሰሞኑን የተጫነ ፕሮግራም። እሱን አውጡት።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ድርጅት በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ የተነሣ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ። አውሮፕላኖች ከመሬት ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ብዙዎቹ ማሽኖች የዳኑት ግን ባለሙያዎች በየማሽኑ እየዞሩ፣ በሴፍ ሞድ እየገቡ ያን የተበላሸ የማሻሻያ ፋይል ሲያጠፉ ነው። ያ ሁሉ ማሽን በችኮላ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ የስንቱ ሥራ ይጠፋ እንደነበር አስቡት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ።

በራሱ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ አካሉን እዩ። ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ይሞቃል? ሲቀዘቅዝ ገብቶ ሲሞቅ ይጠፋል? ሃርድ ዲስኩ ያልተለመደ የጠቅ ጠቅ ድምፅ ካሰማ ሙከራውን አቁሙ። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ዕድል ይቀንሳል፤ መቅደም ያለበት መገልበጥ ነው።

ዊንዶውስ ጨርሶ እንቢ ቢል እንኳ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ተጭኖ፣ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣል፤ ፎልደሮቻችሁን ከፍታችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ትገለብጣላችሁ። ወይም ባለሙያው ዲስኩን ፈቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቁ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ነው። ዲስኩ ቢፈታም፣ በኡቡንቱ ቢሞከርም፣ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ከሌለ አይከፈትም፤ የትኛውም ባለሙያ አይረዳችሁም። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ማሽኑ ደህና እያለ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ባለሙያዎቻችንን እየወቀስሁ አይደለም። ደጃቸው ላይ ሰልፍ አለ፣ ደንበኛው ይቸኩላል፣ ፎርማት ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የታወቀ፣ ውጤቱም የተረጋገጠ ሥራ ነው። ምርመራ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜውን የሚከፍል ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለውጡ ከሁለታችንም መምጣት አለበት። ባለሙያው መጀመሪያ "ውስጡ ምን አለ? ኮፒ አላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። ባለቤቱም ለምርመራው ተገቢውን ይክፈል፣ "መጀመሪያ ፋይሌ ይገልበጥ፣ ተገልብጦም በዓይኔ ልየው፣ ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ" ብሎ በግልጽ ይናገር። እቃው ከመሰጠቱ በፊት እንጂ በኋላ የሚባል ነገር አይደለም።

ማሽኑ በገንዘብ ይተካል። በውስጡ ያለው የዓመታት ድካማችሁ ግን ሌላ ኮፒ ከሌለው ምትክ የለውም። ኮፒውን ዛሬ አድርጉ፤ ላልሰማም አሰሙ።