አምሮት

ሰሞኑን በሚኒባስ ታክሲ ስሄድ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች የሚያወሩትን ስሰማ ነበር። አንደኛው ስልኩን ለሦስት ቀን ሊዘጋው ነው አሉ። ቲክቶክ የለም፣ ኳስ የለም፣ ማኪያቶ እንኳ ሊተው ነው። “ዶፓሚኔን ላጸዳው ነው” ይላል። ጓደኛው “እሱ የደስታ ሆርሞን አይደል እንዴ? ታዲያ ደስታህን አጽድተህ ምን ልትሆን ነው?” አለና ሳቀበት። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ዶፓሚን የሚሉት ነገር እኛ ቤት ገብቶ የሠራውን አውቃለሁና ስሙ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአባባ ኮት ኪስ ነው።

አባባ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። 34 ዓመት ጠመኔ ይዞ ቆሟል። ታክሲ ውስጥ የሃምሳ ሳንቲም መልስ የሚጠይቅ፣ ቤት ውስጥ የሽንኩርቱን ዋጋ ሳይቀር በደብተር የሚያሰፍር ሰው ነው። ጎረቤቱ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ሲገዛ እሱ ዕድሉ ስንት ለስንት እንደሆነ እያሰላ ያበሽቃቸዋል። “ሎተሪ ማለት ሳይዘሩ ማጭድ መግዛት ነው” ይላቸው ነበር። 11 ዓመት ሙሉ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ የሆነውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ሕመሙን መጀመሪያ ያየነው በዚያው የወጪ ደብተር ላይ ነው። ከኋላ ወንበር የሚነበብ ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፍ የነበረ ሰው፣ ጽሕፈቱ ከመስመር መስመር እያነሰ ሄዶ ገጹ ግርጌ ሲደርስ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። እናቴ “መነጽሩን ይቀይር” አለች። ቀጥሎ የቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ እጁ ሥራ ፈትቶ ጭኑ ላይ ሲያርፍ፣ ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ ነው የሚል ተነሳ፤ እርጅና ነው የሚል ተነሳ፤ ጠበል የሚያዝም አልጠፋም። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሙ ወረቀት ሰጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፈው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ መስመር አስሳለው፣ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አስኬደው። ከዚያ “ፓርኪንሰን ነው” አለን።

ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1817 ጽፎ አስተዋወቀ፤ መነሻው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በአንጎላችን ሥር በቀለሙ ምክንያት “ጥቁሩ አካል” የተባለ ትንሽ ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን ያመርታሉ። የሰው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእነዚህ ሴሎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። መንገዱን የጠረገው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ለጥንቸሎች ሬዘርፒን የተባለ መድኃኒት ሰጥቶ እንደ ድንጋይ አደረቃቸው፤ ከዚያ አንጎል ወደ ዶፓሚን የሚለውጠውን ሌቮዶፓን ሲወጋቸው ተነስተው ሄዱ። ለዚህ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዶፓሚኑን እንዳለ መዋጥ አይጠቅምም፤ ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባው በር አያሳልፈውም። ሌቮዶፓ ግን ያልፍና እዚያው ውስጥ ይለወጣል።

አባባ በሌቮዶፓ ጀመረ። ቆይቶ ሐኪሙ ፕራሚፔክሶል የሚባል ኪኒን ጨመረለት። ይኼኛው ወደ ዶፓሚን አይለወጥም። ዶፓሚን ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ሄዶ ይቀመጣል፣ አንጎልም ባለቤቱ የመጣ ይመስለዋል። እዚህ ስናጣው ወንድሜ ከቨርጂኒያ በመንገደኛ እጅ ይልክልን ጀመር። በሦስት ወር ውስጥ የአባባ እጅ ረጋ። ቁጥሮቹ ተመልሰው ወፈሩ። እናቴ ስለቷን አስገባች።

ከዚያ ሎተሪው መጣ።

መጀመሪያ የሰማሁት ከሱቁ ልጅ ነው። “ጋሼ፣ መምህር ደርሷቸዋል እንዴ? በየቀኑ ይፍቃሉ እኮ” አለኝ። ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት። አንድ ቀን ኮቱን ላሳጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ የተፋቁ ሎተሪዎች በላስቲክ ታስረው አገኘሁ። በቀን በቀናቸው ተደርድረዋል! (አባባ ቆሻሻውን እንኳ በሥርዓት ነው የሚያስቀምጠው።) ጠጋ ብዬ ስከታተል ጡረታው ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ሌሊት ይነሳል፤ ጎሕ ሳይቀድ የግቢው በር ላይ ወንበር አውጥቶ አዟሪው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረና የዕድሩን መዝገብ ጠየቅኩት። ሳይከራከር ከሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ። በአምስት ወር 14,300 ብር ጎድሏል። እያንዳንዷ ተጽፋለች፤ ቀኑ፣ መጠኑ፣ “ከገንዘብ ያዡ ላይ የሚፈለግ”። በዚያ በተመለሰ፣ ከኋላ ወንበር በሚነበብ ጽሕፈቱ።

ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። “የለቅሶ ገንዘብ ነው! የሬሳ ሳጥን መግዣ ነው የፋቅከው!” ማለቴን ግን አልክድም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። አባባ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። እጆቹ አልተንቀጠቀጡም። መድኃኒቱ በደንብ እየሠራ ነበር።

ማታ ለወንድሜ ደውዬ ብሶቴን ስዘረግፍ ዝም ብሎ ሰማኝና “ከኪኒኑ ጋር የላክሁትን ወረቀት አንብበኸዋል?” አለኝ። ያን የጉንዳን ጽሑፍ ማን ያነበዋል? ያን ሌሊት አነበብኩት። ማቅለሽለሽ፣ ድንገተኛ እንቅልፍ እያለ ይወርድና “ቁማር የመጫወት ብርቱ ፍላጎት” ይላል። በሐኪሞች ዘንድ ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ቁማር የጠናባቸው 11 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ፤ ዘጠኙ ይህንኑ ኪኒን የሚወስዱ ነበሩ። በ2010 ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ 3,090 ሕሙማን ተጠኑ። የዚህን ወገን መድኃኒት ከሚወስዱት ከመቶ 17 ያህሉ፣ ከማይወስዱት ደግሞ ከመቶ 7 ያህሉ በቁማር፣ በግዢ፣ በመብል ወይም በወሲብ ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው ተገኙ።

ሊቃውንቱ ከሚሰጡት ማብራሪያ አንዱ እንዲህ ነው። ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ ከአንድ በላይ መንገድ አለው። አንዱ ወደ እንቅስቃሴ ይሄዳል፤ ሌላው የሽልማት ሥርዓት ወደሚባለው። ፓርኪንሰን መጀመሪያ የሚያደርቀው የእንቅስቃሴውን ነው፤ ሌላኛው ብዙም ሳይነካ ይቆያል። እንግዲህ ለደረቀው ማሳ የለቀቅከው ውኃ ያልደረቀውን ያጥለቀልቀዋል።

ታዲያ ያጥለቀለቀው ደስታ ነው? እኔም እንደ ሚኒባሱ ልጅ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሳይንሱ ራሱ ለብዙ ዘመን እንደዚያ አስቧል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተከሉ፤ አይጧ ማንሻውን ስትጫን ኤሌክትሪኩ ይነካታል። አይጦቹ በሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ ይጫኑ ጀመር። ሰዉ ሁሉ “የደስታ ማዕከል ተገኘ” አለ፤ ኋላ ዶፓሚንም የዚያ ማዕከል ቅመም ተባለ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ግን ነገሩን ገለበጡት። ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች ስኳር አፋቸው ላይ ሲደረግላቸው እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣፍጧቸዋል። ምግቡን አጠገባቸው አስቀምጠህ ብትተዋቸው ግን አንስተው አይበሉም፤ በረሃብ ይሞታሉ። መጣፈጡ አለ፣ መሻቱ የለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አማርኛችን ቃሉን ቀድሞ ይዞት እንደቆየ ገባኝ። አምሮት። ነፍሰ ጡሯ በሌሊት ያማራትን ፍለጋ ሰፈር ሲታመስ ያድራል፤ ሲመጣላት አንድ ጉርሻ ቀምሳ ትገፋዋለች። ዋሽታ አይደለም። የጠየቀው ምላሷ አይደለም።

ቮልፍራም ሹልትስ ደግሞ ዝንጀሮዎችን ይዞ ዶፓሚን አመንጪ ሴሎቻቸውን እየሰለለ ጭማቂ ይሰጣቸው ነበር። በመጀመሪያ ሴሎቹ የሚነሱት ጭማቂው ሲመጣ ነው። ከጭማቂው በፊት መብራት ማብራት ሲለመድ ግን ሴሎቹ የሚነሱት ለመብራቱ ሆነ፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም። መብራት በርቶ ጭማቂው ከቀረ፣ ልክ ሊመጣ በሚገባበት ቅጽበት ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። የቡና ጠጪ አገር ሰው ይኼን ለመረዳት ላብራቶሪ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ልባችን የሚነሳው ስኒው አፋችን ሲደርስ ሳይሆን ቡናው ሲቆላ፣ ጢሱ ሲመጣ ነው። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 እነሹልትስ እንዳሳዩት፣ በመብራቱና በጭማቂው መካከል ባለው የጥበቃ ጊዜ ሴሎቹ ይበልጥ የሚሟሟቁት ይምጣ አይምጣ እኩል ለእኩል ሲሆን ነው። ሎተሪ ያን የጥበቃ ጊዜ ነው ቆርጦ የሚሸጥልህ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አባባ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለማለት ነበር የሄድኩት፤ ያወጣሁት ቃል ግን ጥያቄ ሆነ። “አባባ፣ ስትፍቅ ደስ ይልህ ነበር?”

ብዙ አሰበ። የሂሳብ ሰው ነው፤ ሳያሰላ አይመልስም። “አንዴ 500 ብር ደርሶኛል” አለ። “ምንም አልመሰለኝም። እዚያው ቆሜ በሁሉም ሌላ ሎተሪ ገዛሁበት። ሲፋቅም ደስ አይልም። ሳይፋቅ በፊት… እሱም ደስታ አይደለም። ብቻ አላስቀምጥ ይለኛል። ዕድሉን እያሰላሁ እኮ ነው የምገዛው። መልሱን አውቀዋለሁ። ማወቄ እግሬን አያቆመውም።”

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ዘንድ አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ እኔ ሳልናገር ራሱ ጠየቀው፤ “መምህር፣ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ አዲስ ነገር አለ? ቁማር፣ ግዢ? ይህ መድኃኒት ያመጣዋልና አይፈሩ።” አባባ አንገቱን ደፋ። ነገረው። ሐኪሙ ኪኒኑ በአንዴ እንደማይቋረጥ፣ ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ አስረዳና የማይቀረውን ተናገረ፤ “እጅዎ ግን ሊመለስበት ይችላል።” አባባ “ይንቀጥቀጥ” አለ። ሌላ ምንም አላለም።

በሁለት ወር ውስጥ ሎተሪው ጠፋ። በወንበሩ ደጃፍ ላይ አዟሪ መጠበቁም ቀረ። አውራ ጣቱ ተመለሰ።

አሁን እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነገር ነው። ኪኒኑን ከሚወስዱት ከመቶ 17 ያህሉ ይያዛሉ ካልን፣ የቀሩት 83ቱስ? ለወንድሜ በስልክ “እንግዲያው አባባ ምንም ጥፋት የለበትም” ስል አባባ ሰምቶኛል። ስልኩን ስዘጋ “አምሮቱ የኪኒኑ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ የነበረው ግን በእኔ እጅ ነው። ላንተም ያን ጊዜውኑ መናገር እችል ነበር” አለኝ። አልተስማማሁም። እስከ ዛሬም አልተስማማንም። በአንድ ሰው ውስጥ የመድኃኒቱ ድርሻ የት ላይ አልቆ የሰውየው የት ላይ እንደሚጀምር የሚያሳይ መስመር ፈልጌ አጥቻለሁ። የጫት ቤቱን፣ የውርርድ ቤቱን ወጣት ሳይ ድሮ በቀላሉ አፌ ላይ ይመጣልኝ የነበረው “ወሽመጥ የለሽ” የሚለው ቃልም ዛሬ ይይዘኛል። ያ ልጅ ኪኒን አልወሰደም፤ ያው የጥበቃ ጊዜ ግን ከሰፈሩ በየመቶ ሜትሩ ሲሸጥለት አድጓል።

ገንዘቡን እኔ በአንዴ ልክፈል ብል አባባ እምቢ አለ። በወሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ለዕድርተኛው ራሱ ተናገረ። “መድኃኒት ነው ይላሉ እንዴ!” ብሎ ያሽሟጠጠ አልጠፋም፤ ያለቀሰም ነበር። ገንዘብ ያዥነቱን አስረከበ። ዕዳው በየወሩ 1,100 ብር፣ በ13 ወር ተመለሰ እንዲባል ተስማሙ።

ባለፈው እሑድ አምስተኛውን ሲከፍል አብሬው ነበርኩ። አዲሷ ገንዘብ ያዥ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች ወጣት ናት። መዝገቡን ዘረጋችለት። ራሱ ካልጻፈ አይሆንለትም፤ በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ይዞ ቀስ ብሎ ጻፈ። ልጅቷ መዝገቡን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፣ አዘነበለችው፣ ከዚያ በሐፍረት ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ማንበብ አልቻልኩም።

አባባ መነጽሩን አውልቆ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን፤ “ገቢ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ። ቀሪ፣ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ።”