ማስነሻውን ደጋግማችሁ አትጫኑ

ወዳጆቼ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽናችሁ ተነሥቶ ሦስት አራት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ቀጥ ቢል መጀመሪያ ምን እንደምታደርጉ ሳላያችሁም አውቃለሁ። ማስነሻውን እንደ ገና ትጫናላችሁ። ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይቆማል። ሦስተኛ ትሞክራላችሁ። ከዚያ በሩን በጉልበት ገፋ፣ ጎኑን መታ መታ ታደርጉና «በቃ፣ ሞቷል» ብላችሁ ትፈርዱበታላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በስንቱ የሐበሻ ቤት እንዲህ የተፈረደበት ዲሽዋሸር የድስትና የመጥበሻ መደርደሪያ ሆኖ ቀርቷል። እናቶቻችንም «ድሮስ እጅ እያለ!» ይሉናል።

ስለዚህ ማሽን የምጽፍላችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጀምሮ የሚቆም ማሽን ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ይድናል። ሁለተኛ፣ በወጣት ኅብረቶቻችን ውስጥ ጀምሮ የሚቆም ሰው አለ፤ እርሱንም የምንይዘው ልክ እንደ ማሽኑ ነው። ከማሽኑ እንጀምር።

ማሽኑ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ይሠራል? ብዙዎቹ ማሽኖች አስቀድመው ከባለፈው እጥበት የቀረ ውኃ ካለ ወደ ፍሳሽ ያስወጣሉ። ቀጥሎ የውኃ መግቢያው ይከፈትና ጥቂት ሊትር ውኃ ከታች ይጠራቀማል። ከዚያ ፓምፑ ያንኑ ውኃ እየመለሰ በሚሽከረከሩት ክንዶች በኩል ዕቃው ላይ ይረጨዋል፤ ማሞቂያውም ሥራውን ይጀምራል። በዚህ ሁሉ መካከል ማሽኑ ራሱን ይጠይቃል፦ በሩ ተዘግቷል? ውኃ ገብቷል? አሮጌው ውኃ ወጥቷል? ከሥሬ የፈሰሰ ነገር አለ? ለአንዱ እንኳ ትክክለኛ መልስ ካላገኘ ይቆማል። ታስቦበት እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ባይቆም ኖሮ ትኩስ ውኃ ፊታችሁ ላይ ይረጭ፣ የጎረቤታችሁንም ጣሪያ ያበሰብስ ነበር።

እንግዲህ ከቀላሉ ተነሥታችሁ ፈትሹ።

በመጀመሪያ በሩን እዩ። ረጅም ትሪ ወይም የጭልፋ እጀታ ከውስጥ እየገፋው ሊሆን ይችላል። መያዣው ላይ የደረቀ ቅባት ካለ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት። ማሽኑ ሲቆም በሩን በእጃችሁ ጫን ስትሉት ከቀጠለ፣ ችግሩ መያዣው ላይ ወይም ከኋላው ባለችው ትንሽ ስዊች ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚገባውን ውኃ ተመልከቱ። ከሲንኩ ሥር ያለው ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል? ቱቦው ታጥፏል? ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ ትንሽ ወንፊት አለች፤ አሸዋና ዝገት ይደፍናታል። ማሽኑ ውኃ ጠብቆ ጠብቆ ካልመጣለት ያቆማል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ማሽን ያላቸው ዘመዶቻችን ግፊቱ ሲደክም የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ የሚወጣውን ውኃ። ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ያለውን ማጣሪያ ጠምዝዛችሁ አውጡና እጠቡት። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የሎሚ ፍሬ፣ የስኒ ስባሪ ልታገኙበት ትችላላችሁ። ሲንካችሁ ላይ የምግብ መፍጫ በቅርቡ ተተክቶ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፦ ከዲሽዋሸሩ የሚመጣው ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ ከፋብሪካ ሲመጣ ድፍን ነው። የሚገጥመው ሰው ድፍኑን ሰብሮ ካላወጣው ውኃው መሄጃ ያጣል።

የመጨረሻው ከዓይን የተሰወረ ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ከገንዳው በታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ዝርግ ሳህን አለ። ከላይ የሚያፈስ ነገር ካለ ውኃው እዚያ ይጠራቀማል። ሳህኑ ውስጥ እንደ ቡሽ የሚንሳፈፍ ቀላል ነገር አለ፤ ውኃው ሲያነሣው ስዊቹን ይጫናል። ያን ጊዜ ማሽኑ ሥራውን ትቶ ውኃ ማስወጣት ብቻ ይጀምራል፣ ወይም ጭልጥ ብሎ ይቆማል። ከውጭ ምንም አይታይም። በሩ ደህና፣ ውኃው ደህና፣ ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ማሽኑ ግን ይቆማል።

የእኔ የቆመው በዚህ ነበር። በዚያ ሳምንት ቤቴ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ውስጥም ብዙ እጅ ገብቷል። ሊያግዘኝ የመጣ አንድ ሰው በማሽኑ ዱቄት ፈንታ የሲንኩን ፈሳሽ ሳሙና ጨመረበት። ያ ሳሙና በማሽን ውስጥ አረፋ ብቻ ነው የሚሆነው፤ አረፋው በበሩ ጠርዝ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ከቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች አንዱ የቤት ዕቃ ጥገና ይሠራል፤ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ስንታገል አገኘን። ማብራቱን ከብሬከሩ አጠፋ፣ ውኃውን ዘጋ፣ የማሽኑን የታችኛውን የፊት ሽፋን ፈታና በስልኩ ብርሃን አየ። «ማሽንሽ ደህና ነው» አለኝ። «ከሥሩ ውኃ ስላለ ነው የቆመው። እስኪደርቅ ድረስ ሺህ ጊዜ ብትጫኚው አይሠራልሽም።» ውኃውን በፎጣ አደረቀ፤ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ያለ ሳሙና በንጹሕ ውኃ አለቃለቀው። ከዚያ ዝም ብሎ እየሠራ ሳለ አጎንብሶ ቆየ። «ማድረቅ ብቻ አይበቃም» አለኝ። «ካፈሰሰ ነገም ይቆማል። ከየት እንደሚመጣ ማየት አለብኝ።» ያን ቀን ከአረፋው በቀር ሌላ የሚያፈስ አልነበረም።

ቤቴ በዚያ ሳምንት ለምን በሰው እንደ ተሞላ ልንገራችሁ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አባቴ ሐዋሳ ዐረፈ። መርዶው በስልክ መጣልኝ። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና በመታየት ላይ ስለ ነበር ሄጄ ልቀብረው አልቻልኩም። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ፤ ወደ መዘምራንም ተመለስኩ። ሁለት እሑድ ዘመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ፣ በመዝሙሩ መካከል፣ ድምፄ ቆመ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ወገኖቼ ወደዱኝ እንጂ አልተዉኝም። አንዷ «በርቺ» ብላ ጻፈችልኝ። አንዱ «ጠላት ነው፣ ገሥጪው» አለኝ። ሌላው አማኝ እንደ ሌላው ሰው እንደማያዝን አስታወሰኝ። እያንዳንዱ መልእክት ያስነሣኝ ነበር፤ ለአንድ ልምምድ፣ ለአንድ እሑድ። ከዚያ እንደ ገና እቆማለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ስልኩ ሲጠራ ማንሣት ተውኩ።

አንድ ቅዳሜ ከጸሎት ቡድኑ እናቶች አንዷ የምሥር ሾርባ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ወደ መዘምራን ለምን እንደማልመጣ አልጠየቁኝም። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ለአባትሽ ለቅሶ ተቀምጠሻል?» አሉኝ። አልተቀመጥኩም ነበር። ማን ጋር ልቀመጥ? «ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ቀጠሉ። ነገርኳቸው። የአባቴን ስም ጮክ ብዬ ከጠራሁ ስንት ሳምንት እንደ ሆነኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ያለቀስኩትን ለቅሶ አልነግራችሁም።

እርሳቸው ስልካቸውን አነሡ። ከዐርብ እስከ እሑድ ቤቴ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ሰዉ እንጀራና ወጥ፣ ንፍሮና ቡና ይዞ መጣ። የአባቴ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። አይተውት የማያውቁ ሰዎች «እስቲ ስለ እርሳቸው አጫውችን» አሉኝ፤ እኔም ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜና እንዴት እንደሚሰማ፣ ለጸሎት ሲያጎነብስ ጉልበቱ እንዴት እንደሚንቋቋ ነገርኳቸው። አብረውኝ ሳቁ፤ አብረውኝ አለቀሱ። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር ሞት አልቅሷልና፣ ማንም «ተይ፣ በቃሽ» አላለኝም። ወደ መዝሙር የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ ነው። ማንም አልገፋኝም።

በመጽሐፍ ቅዱስም ጀምሮ የቆመ ወጣት አለ። ዮሐንስ ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጣ፤ በቆጵሮስ አብሯቸው ነበረ። ጴርጌን ሲደርሱ ግን ተለይቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (የሐዋርያት ሥራ 13፥13)። ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈልንም። ታመመ? ፈራ? ናፈቀ? አይታወቅም። በኋላ በርናባስ ማርቆስን እንደ ገና እንውሰድ ሲል ጳውሎስ እንቢ አለ፤ ሁለቱም እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ (15፥37-39)። ጳውሎስ የሚለው ነገር ነበረው፤ መንገዱ ከባድ ነው፣ መካከል ላይ የሚቀር ሰው ያስጨንቃል። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ገዛ አገሩ፣ ሄደ። በዚያ ምን እንዳወሩም አልተጻፈም። የተጻፈልን መጨረሻው ነው፦ ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለው (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11)። ሁለተኛው ወንጌልም ዛሬ በማርቆስ ስም ይጠራል።

ስለዚህ በኅብረታችሁ ውስጥ ከኮንፈረንስ በኋላ በእሳት ጀምሮ በወሩ የጠፋ ወንድም ቢኖር፣ ከጠዋት ጸሎት የቀረች እህት ብትኖር፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ፈትሹ። መጀመሪያ ቀላሉን ጠይቁ፦ ትራንስፖርት አለው? የሥራ ፈረቃው ተቀይሯል? ይተኛል? ይበላል? ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ አስተኛው፣ በመልአኩም እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)። ከዚያም ሰው የማያየውን ጠይቁ፤ ከሥሩ የተጠራቀመውን። ሐዘን ሊሆን ይችላል፣ የወረቀት ጉዳይ፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ ያልተነገረ ኃጢአት፣ ከመካከላችን አንዱ ያደረሰበት በደል። በጥያቄያችሁ አትቸኩሉ፤ የሰማችሁትንም የጸሎት ርእስ አድርጋችሁ ለሰው አታካፍሉ።

አቅማችሁንም እወቁ። ማጣሪያ ማጠብ የማንኛችንም ሥራ ነው፤ ብሬከሩ እየደጋገመ ከወደቀ ግን፣ ማሞቂያው ወይም የኤሌክትሪክ ካርዱ ከተነካ ባለሙያ ይጠራል። ወንድማችሁ መኖር አልፈልግም ካላችሁም እንዲሁ ነው። ጸልዩለት፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ለመጋቢያችሁና ለሐኪም አድርሱት። እዚህ አሜሪካ በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል። ይህን ማድረግ የእምነት ማነስ አይደለም።

አሁን ይህን ስታነቡ አንድ ስም ትዝ ያላችሁ ይመስለኛል። «የት ጠፋህ?» ብላችሁ አትጻፉለት፤ ያን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆታል። ሾርባም ቢሆን ቡናም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ተቀመጡ። እስኪናገር ድረስም ጠብቁት።