ጃኖና ጥለቱ

ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ ብርቱ ቃል አለው ማለት አይደለም፤ ዝቅ ያደረገም ሁሉ ደክሞአል ማለት አይደለም። ይህ ነገር በሰው ንግግር እንደሚታይ በዘፈንም ይታያል። በወጣትነታቸው በታላቅ ጩኸት የተነሡ ዘፋኞች ልምድ ሲጨምሩ ወደ ለዘብተኛ ዜማ ያዘነበሉ እንደ ሆነ፥ አድማጮቻቸው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ «በሰሉ» ሲል ገሚሱ «ቀዘቀዙ» ይላል። ከሁለቱ ፍርድ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር፥ በኢትዮጵያ ጃኖ ባንድ የተባለው የሮክ ማኅበር መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ሮክ በአሜሪካ ተወልዶ በዓለም ሁሉ የተሠራጨ፥ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ብርታት የሚቆም የዘፈን ዓይነት ነው። ጃኖ ባንድ ይህን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋራ አዋሕዶ ተነሣ። የመጀመሪያ አልበሙ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ወጣ፤ ስሙም «ኤርታሌ» ተባለ። አዘጋጁ ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ የባስ ጊታር ባለሙያ ሲሆን፥ ይህ ሰው ቀደም ብሎ በ2001 የወጣውን የእጅጋየሁ ሽባባውን አልበም ያዘጋጀ ነው። ኤርታሌ በአፋር በረሓ የሚገኝ፥ በአፉ የቀለጠ ድንጋይ የሚፈላበት እሳተ ገሞራ ነው። ስያሜው ለሥራው የተገባ ነበረ፤ ጊታሩ ይነድዳል፥ ከበሮው ይናወጣል፥ ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያንም እየተሻሙ ይጮኻሉ።

ሁለተኛው አልበም የወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ2018 ነው። ስሙ «ለራስህ ነው» ይባላል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው የሁለቱን ስም አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ ቢመለከት፥ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ፈጥኖ ያስተውላል። እሳተ ገሞራ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ምክር ግን ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲሁም በሁለተኛው ሥራ ጊታሩ አልተጣለም፥ ከበሮውም አልታሰረም፤ ነገር ግን ዜማው ወደ ፊት ቀርቦ መሣሪያው እርሱን ወደ ማጀብ አዘነበለ። ቃሉ ይሰማል፤ በቃልና በቃል መካከልም ለዝምታ ስፍራ ተገኘለት።

ጃኖ የሚለው ስም ራሱ ነገር አለው። ጃኖ በዳሩ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለበት ነጭ ሸማ ነው፤ በቀድሞ ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ልብስ፥ የማዕረግም ምልክት ነበረ። በአዲስ አበባ፥ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ተቀምጠው ሸማ ከሚሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት ከጋሞ ደጋ፥ ይልቁንም ከጨንቻና ከዶርዜ ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በብርዳም ተራራ ላይ የተቀመጠች፥ ቀድሞም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ስለዚህ የባንዱ ስም በዚያ አገር ሰው ጆሮ እንደ ባዕድ ስም አይሰማም፤ የእጁ ሥራ ስም ነውና።

በሽሮ ሜዳ የሚኖር አንድ የዶርዜ ሸማኔ፥ ልጁ «ኤርታሌን» ሌት ተቀን ሲያሰማ በሰማ ጊዜ ልቡ አዘነ። «አባቶች በክብር የለበሱት ልብስ ስሙ ለሁካታ ዋለ» አለ። ከዚህ በታች ግን ሌላ ሐዘን ነበረበት፤ ልጁ ከሸማ ጕድጓድ ወጥቶ ሌላ ሥራ ይዞአል፤ አሁን ደግሞ የአገሩን ዜማ ጨርሶ እንዳይረሳ ሠጋ። ሁለተኛው አልበም በወጣ ጊዜ ልጁ፥ «አባባ፥ ይኸን ደግሞ ይስሙልኝ፤ እኔስ ቀዝቅዞብኛል» አለው። አባትየው መወርወሪያውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አደመጠ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ጀማሪ ሸማኔ ማጉን ከመጠን በላይ ይመታል፤ ሸማው የሚጠነክር ይመስለዋል፥ ነገር ግን ይጨማደዳል። እጁ የበሰለ እንደ ሆነ ድሩ የሚሸከመውን ያህል ብቻ ይመታል። እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ ይመቱ ነበር፤ አሁን ይሠራሉ» አለ። ልጁ ግን እስከ ዛሬ «ኤርታሌን» ያስበልጣል።

ይህ ሸማኔ እንዲህ ለመፍረድ የበቃው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዝቡ ድምፅን ከድምፅ ጋራ መሸመን ያውቅበታልና። በሰሜኑ ደጋ ማኅበር ሲያዜም ብዙ ጊዜ ሁሉም አንዱን ዜማ በአንድነት ይይዛል። የዶርዜ ሰዎች ዘፈን ግን ባለ ብዙ ድምፅ ነው፤ አንዱ ይጀምራል፥ ሌላው በላዩ ይገባል፥ ሌሎችም ከታች ይሸከማሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ክፍተቱን ሌላው ይሞላዋል። በ1970ዎቹ በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሊቅ ወደዚያ ሄዶ ይህን ዘፈን ቀዳ፤ በፓሪስም በሸክላ ታትሞ ወጣ። እንዲህ ባለው ዘፈን ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጮኽ ሰው ቢገኝ ሥራው ይበላሻል፤ የጎረቤቱን ድምፅ የማይሰማ ሰው የራሱን መግቢያ አያገኝምና።

መስቀል በጋሞ ደጋ ታላቅ በዓል ነው፤ በየከተማው የተበተኑት ሸማኔዎች ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። አባትና ልጅ በዚሁ በዓል ወደ ላይ በወጡ ጊዜ ልጁ ከዘፋኞቹ ዳር ቆሞ ቀረ። የጃኖን ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ የሚያውቀው ወጣት፥ በአባቱ ዘፈን በየትኛው ድምፅ እንደሚገባ አያውቅም ነበረ። አባትየው አልገሠጸውም፤ የታችኛውን ድምፅ ከሚይዙት ሽማግሌዎች መካከል አቆመውና፥ «ለጊዜው ስማ ብቻ፤ ጊዜህ ሲደርስ ትገባለህ» አለው።

በውጭው ዓለምም ይህ ክርክር የታወቀ ነው። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በፍጥነቱና በኃይሉ ከተደነቀ በኋላ፥ በ1991 በራሱ ስም የተጠራ አልበም አወጣ። ይህ ሥራ ዝግ ያለና ዜማው የጎላ ሆነ፤ በዓለምም ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ከቀድሞ ወዳጆቹ ግን ብዙዎቹ «ለገበያ ብሎ ተለሳለሰ» ብለው ወቀሱት። ወቀሳው ሊናቅ አይገባውም፤ በእውነት ለገንዘብ ሲባል የሚለዝብ ድምፅ አለና። ስለዚህ የበሰለውን ከቀዘቀዘው ለመለየት መፈተኛ ያስፈልጋል።

መፈተኛው ይህ ነው፤ ጩኸቱ ሲነሣ ምን ቀረ? የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያም እየጨመረ ወደ ረጅሙ መወድስ ይደርሳል። ቃል ማብዛትም በዚያ ጊዜ ያስደስተዋል። የበሰለ እንደ ሆነ ግን ወደ ጉባኤ ቃና ተመልሶ፥ ከሁሉ የሚከብደው በሁለት ቤት ሰሙንና ወርቁን መፈጸም እንደ ሆነ ያውቃል። ቃሉ ያነሰው ሐሳብ ስላጣ አይደለም፤ ትርፉን መተው ስለ ቻለ ነው። ዘፈንም ጩኸቱ ተነሥቶለት ዜማው በባዶ እጅ ሊቆም ከቻለ በስሎአል፤ ከጩኸቱ ጋራ ሁሉም ከጠፋ ግን ቀድሞም አልነበረም።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ወጣቶችን በመጀመሪያ ሥራቸው ጩኸት ብቻ መዝነው አይጣሉአቸው፤ ኤርታሌ ባይፈላ ኖሮ የሚሰክን ነገር ባልተገኘም ነበር። ወጣቶችም ድምፁ ዝቅ ያለውን ሁሉ ሞተ አይበሉት። ጃኖን ጃኖ የሚያሰኘው ቀዩ ጥለት ነው፤ ነገር ግን ጥለቱ የሚታየው ሰፊው ነጭ ሸማ በዝምታ ስለ ተሸከመው ነው።