እማዬ ዋና ትችላለች

እማዬ ዋና ትችላለች።

ድጋሚ ልጻፈው፣ እኔም ገና አልዋጥ ብሎኛል። ይቺ የምታውቋት እማዬ፣ ለፋሲካ በዶሮው ብልት ተጣልተን ሁላችሁም ተሰልፋችሁ ለሷ የፈረዳችሁላት እማዬ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስንሄድ «ራቁ፣ ይጎትታል» እያለች የልጆቼን የሸሚዝ ጫፍ ይዛ የምትውለው እማዬ፣ ዛሬ ከነቀሚሷ ሕንድ ውቅያኖስ ገብታ ዋኘች። 41 ዓመቴ ነው። ዛሬ ነው ያወቅሁት።

እንዴት እንደመጣን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ባልየው ዳሬሰላም ሥልጠና ነበረው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ «በዚህ ካልሆነ መቼም አናየውም» ተባባልን፣ ከዚያ በፌሪ ሁለት ሰዓት ነው ዛንዚባር። ያልነገሩን ነገር፣ እዚያው ታንዛኒያ ውስጥ ሆናችሁም ደሴቱ በር ላይ እንደገና ፓስፖርት ይጠየቃል። ደግሞ የግዴታ ኢንሹራንስ አለ፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ባልየው የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ ዶላር የሚል ቃል ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍንና ያባዛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እማዬ ጸሎት ላይ ያለ መስሏት «ተዉት፣ አታቋርጡት» አለችን።

ዛሬ የሄድነው ከከተማው ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ ደሴት ነው። ስሟ ቻንጉ ነው፣ ሁሉም ሰው ግን ፕሪዝን አይላንድ ይላታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ጀልባ ያገናኘን ልጅ በፈገግታው ገደለን። ዋጋ ተነጋገርን። ተስማማን። ጀልባው ውስጥ ከገባን በኋላ የኤሊዎቹ መግቢያ ለብቻው ሆነ፣ የስኖርክሉ መነጽር ለብቻው፣ የውሃ ጫማው ለብቻው። ላይፍ ጃኬቱ ነጻ ነበር፣ የኔው ግን ዚፑ አይሠራም፤ «ፖሌ ፖሌ ማማ» አለኝ፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው፣ ዚፕ በቀስታ የሚጠገን ይመስል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ዚፕ ሆኜ ተጓዝኩ።

እስር ቤቱ ያስቃል። ሎይድ ማቲውስ የሚባል የሱልጣኑ እንግሊዛዊ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ1893 ደሴቷን ገዝቶ እስር ቤት አሠራ፣ ግን አንድም እስረኛ አልገባበትም። በኋላ ቢጫ ወባ የተጠረጠሩ መንገደኞች ማቆያ ሆነ። አሁን ሰው ሬስቶራንት ቁጭ ብሎ ጭማቂ ይጠጣል። ትልቁ ልጄ መስከረም ላይ «ክረምቱን የት አሳለፍክ?» ሲባል «ከአያቴ ጋር እስር ቤት» ሊል ነው። እኔ የለሁበትም።

ኤሊዎቹን ግን እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ አራት ኤሊዎች ናቸው ዘሩን የጀመሩት። ከዚያ ተባዙ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው እየሰረቀ ሸጣቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የቀሩት ሰባት ብቻ ነበሩ። (ኤሊ ተሰረቀብኝ ብሎ ማመልከት በራሱ እንዴት ያሳፍራል? ሮጦ አያመልጥ ነገር።) አሁን እንደገና በርክተዋል፣ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። አንደኛው 150 ይላል። ባልየው፣ ዶላር ያልሆነ የሚቆጠር ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ «ዓድዋ ጊዜ ሃያ አልፎታል ማለት ነው» አለ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቅጠሉን አቀረበችለትና «እንዴት ዋሉ አባቴ» አለችው። አንቱ ብላ። እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ አክብራ አናግራኝ አታውቅም።

ምሳ ሌላ ታሪክ ነው። ፍልሰታ ነው፣ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። በዘጠኝ ሰዓት አስተናጋጁ ዓሣ አለ፣ እማዬ በፍልሰታ ዓሣ አትበላም። ኦክቶፐስ አለ፣ ፎቶውን አሳያት፣ በስመአብ አለች። በመጨረሻ ባቄላ በኮኮናት ወተት አለ። ተርጉሜ ሳልጨርስ፣

«ወተት ነው ያልሽው?»

«የፍሬ ወተት ነው እማዬ፣ ከዛፍ የሚወጣ።»

«ወተት ብለሻል።»

«ስሙ ነው እንጂ…»

«ስሙ ወተት ከሆነ ምን ቀረው?»

ሰውየው ፍሬውን ይዞ መጣ። ሰነጠቀው። ነጩን ፍቆ፣ ጨምቆ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየችው፣ ልክ ገበያ ላይ ቅቤ እንደምታይ፣ ከዚያ «በሉ እሺ፣ ኃጢአቱ ያንቺ ነው» አለችኝና ሦስት ጊዜ አስደገመች።

ከዚያ ነው ኮፍያው የሄደው። የትንሿ ልጄ ሮዝ ኮፍያ። ነፋስ አነሳውና ውሃው ላይ ጣለው፣ ትንሿ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ ባልየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቆመ፣ ቆመ፣ «ጥልቀቱን ማወቅ አለብን» አለ። እኔ ደግሞ እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ ገንዳ ውስጥ ጠርዙን ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ዘወር ስል እማዬ ነጠላዋን አውልቃለች። አራት ቦታ አጠፈችው። ጫማዋ ላይ አስቀመጠችው፣ መነጽሯን ከላይ። ቀሚሷን ሳትሰበስብ ገባች። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ነው፣ ከዚያ ዝም ብላ ተኛችበት። አንዲት ጠብታ አልረጨችም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇን ከውሃው በታች እየከፈተችና እየዘጋች፣ ቀሚሷ ከኋላዋ ተንሳፍፎ። ኮፍያው ጋ ደረሰች፣ አነሳችው፣ ራሷ ላይ አደረገችው። አትመለስም? አልተመለሰችም። ሮዝ ኮፍያ አድርጋ ወደዚያ ቀጠለች።

ስትወጣ እኔ እያለቀስኩ ነው፣ በድንጋጤም በንዴትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ዋና የምትችዪው?»

«ከምጽዋ» አለችኝ። ቀሚሷን እየጨመቀች። «የዚያ ውሃ ከዚህ ይሞቃል።»

አያቴ የባሕር ኃይል መካኒክ እንደነበር አውቃለሁ። ምጽዋ «ለትንሽ ጊዜ» እንደኖሩም ሰምቻለሁ። ትንሽ ጊዜ የምትለው አሥር ዓመት ነው! ልጅነቷን በሙሉ! ዛሬ ጀልባው ላይ ስንመለስ ነው የነገረችኝ፣ እኔ ዚፕ ሆኜ፣ እሷ ፎጣ ተጠቅልላ። ጃንሆይ በየዓመቱ ለባሕር ኃይል በዓል ሲወርዱ፣ የእንግሊዝ የአሜሪካ የሩሲያ የጦር መርከብ ሲደረደር፣ ማታ መብራታቸው ውሃው ላይ ሲዘረጋ። ጉርጉሱም የሚባለው አሸዋ ረፋድ ላይ በባዶ እግር እንደማይረገጥ። እሑድ እሑድ አባቶቻቸው በጀልባ ግሪን አይላንድ እንደሚወስዷቸው፣ ምሳ በሰሐን ተቋጥሮ። የቀን ሽርሽር! ደሴት! እኔ ዛሬ «በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂውን ነገር ላሳይሽ» ብዬ ያመጣኋት ሴትዮ!

(የባሕር በር ክርክር እዚህ ኮሜንት ላይ የሚጀምር ብሎክ ነው። በፍቅር። ዛሬ አቅሙ የለኝም።)

ዋና ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱን የማውቀው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ በነጭ ዩኒፎርም ነው። አባቱን ተከትሎ ባሕር ኃይል ገባ። ልጅ ሆኜ እማዬ ለእንግዳ «ጋሼ ኢትዮጵያ ላይ ነበር የሚሠራው» ስትል፣ ታዲያ ሰው የት ይሠራል ብዬ ይገርመኝ ነበር። ለካ መርከብ ነች። «ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን፣ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣች፣ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፣ እዚያው ቆማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይኼን አሁን ሆቴል ገብቼ ነው ያነበብኩት። እማዬ አታውቅም። ልንገራት አልንገራት እያልኩ ነው።

ጋሼ ግን ከዚያ በፊት ከመርከቧ ወርዶ ነበር። የብስ ላይ ተመድቦ ነበር። የካቲት 1982 ምጽዋ ሲያዝ አልተመለሰም።

ስድስት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ድንኳኑን ነው፣ ስንት ወር ቆይቶ እንደተተከለ አላስታውስም፣ መርዶውን ያመጡት ሽማግሌዎች በር ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ባሕር የሚባል ነገር አልተነሳም። ላንጋኖ ስንሄድ እማዬ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። እኛ ውሃ ትፈራለች እንል ነበር። ሠርጌ ላይ ሳይቀር ተቀልዶበታል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር እኮ።

ጀልባው ላይ «ለምን አልነገርሽንም?» ስላት ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ማን ጠየቀኝ።» በጥያቄ ድምፅ አይደለም። እንደ ሒሳብ መልስ።

ባልየው ይኼን ሁሉ ሰምቶ፣ እንባውን በእጀታው ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ «ታዲያ ልጆቹን ለምን እሷ አታስተምራቸውም፣ የዋና ትምህርቱ በወር…» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እማዬም ሳቀች። «ነገ ጠዋት፣ ከቅዳሴ ሰዓት በፊት» አለች። ቅዳሴ የለም እዚህ እማዬ። «ሰዓቱ አለ» አለች።

አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ቀሚሷ በረንዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እየጠራችኝ ነው። ፀጉሯን ጨው ይዞታል፣ ላጥብላት።